የማርሹ መስቀለኛ ቃላት ይደገም፤ ፍንጩ ግን ለጆሮም ይሁን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በቅርቡ በመዝናኛ ገጻችሁ ያወጣችሁት መስቀለኛ ቃላት ከላይ እስከ ታች ስለ ማርሽ ሙዚቃ ነበር። እጅግ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ማርሽን ሰልፍ ሲያልፍ ሰምቶ የሚተወው ነገር ነው የሚያደርገው። እናንተ ግን ሙሉ ሠንጠረዥ ሰጣችሁት። እባካችሁ ይደገም።

ሲደገም ሁለት ነገር እንድታስቡበት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ፍንጮቹ ከስምና ከዓመት አልፈው ሙዚቃው ውስጥ ይግቡ። ሁለተኛው፣ የውጭ ሰው ስም ከሌላ የውጭ ሰው ስም ጋር አንድ ሳጥን ላይ አይገናኝ። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያውቀዋል። ከእሱ ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። በወጣትነቴ ዩኒፎርም ለብሼ ባሪቶን እነፋ ነበር። ባሪቶን ታናሽ ቱባ የሚመስል፣ ታቅፈው የሚነፉት የናስ መሣሪያ ነው። ዋናውን ዜማ ክላርኔትና ትራምፔት ይወስዱታል። እኛ ከሥር ሌላ ዜማ እናወጣለን። ሰው አብሮ የሚያፏጨው የእነሱን ነው። የኛ ዜማ ቢቀር ግን ማርሹ ሆዱ ባዶ ይሆናል። አሁን መሣሪያው የለኝም፣ ጆሮው ግን አለ። እንቆቅልሹን የምፈታው ከልጄ ጋር ነው። እሷ ኖታ አታነብም። ቃል ላይ ግን የሚቀድማት የለም። ወደ ጎን ያለው ሙዚቃ የኔ፣ ወደ ታች ያለው አማርኛ የእሷ ብለን ተከፋፍለን ነበር የያዝነው።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ። እናንተ ከሁሉ አሳምራችሁ የሠራችሁት ፍንጭ ይሄ ነው፦ «አባትየው ዮሐን ስትራውስ በ1848 ለአንድ የጦር አዛዥ ክብር የጻፈው ማርሽ፤ አምስት ሳጥን»። አባትየው ማለታችሁ ትክክል ነው፣ በዋልሱ የሚታወቀው ልጁ ነውና ብዙ ሰው ይደባልቃቸዋል። ማርሹ የራዴትዝኪ ማርሽ ነው። ፊልድ ማርሻል ራዴትዝኪ በዚያ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ስላገኘው ድል የተጻፈ ነው። ዛሬም በየዓመቱ የቪየናው የአዲስ ዓመት ኮንሰርት የሚዘጋው በእሱ ነው። ታዳሚው በጭብጨባ ምቱን ይይዛል። መሪው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ቀስ፣ አሁን ጠንከር» እያለ በእጁ ጭብጨባውን ይመራል።

መልሱን አወቅኩት። ግን እንዴት ልጻፈው? ራዴትዝኪ? ራደትስኪ? ራዴትስኪ? በላቲን ፊደል ሳጥኑ የሚይዘው አንድ ተነባቢ ወይ አንድ አናባቢ ነው። የኛ ሳጥን ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ደ ይሁን ዴ፣ ስ ይሁን ዝ የሚፈርደው ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጠው ቃል ነው። ልጄ ወደ ታች ያለውን አነበበች። «በምን ሁኔታ? ብሎ መጠየቂያ፤ አራት ሳጥን።» እንዴት! ሦስተኛው ሳጥን ዴ ሆነ። ቀጠለች፦ «ኩንቢ ያለው ግዙፍ እንስሳ።» ዝሆን። ዝ ሆነ። «በቃ አባዬ፣ ጻፈው» አለችኝ። እኔ ማርሹን አውቃለሁ፣ እሷ ዝሆንን ታውቃለች፣ ሁለታችንም የፈታነው አንድ ስም ነው። መስቀለኛ ቃላት ማለት ለኔ ይሄ ነው። ያንን ጥግ ለሠራው ሰው ምስጋናዬን አድርሱልኝ።

ከታች በስተግራ ያለው ጥግ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ሪኬትስ ወደ ጎን፣ ታይኬ ወደ ታች ገብተው ኬ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ሊታወቁ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። ፍሬድሪክ ሪኬትስ እንግሊዛዊ የጦር ባንድ መሪ ነው። ማርሾቹን ያሳተመው ኬኔት አልፎርድ በሚል የብዕር ስም ነው። በ1914 የወጣው «ኮሎኔል ቦጊ» የእሱ ነው። መጀመሪያዋ ላይ ያሉት ሁለት ወደ ታች የሚወርዱ ድምፆች ከአንድ የጎልፍ ተጫዋች ፉጨት የመጡ ናቸው ይባላል። በ1957 የጦር ምርኮኞች በፉጨት ሲያሰሟት በፊልም ከታየች ወዲህ ደግሞ ባንድ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃታል። ካርል ታይኬ ጀርመናዊ ነው። በ1889 «የድሮ ጓዶች» የሚለውን ማርሽ ጻፈ። የባንዱ አለቃ እንዳልወደደለት ይነገራል። ታይኬ ከሠራዊቱ ወጥቶ በኋላ ፖሊስ ሆነ። ማርሹ ግን በዓለም ዙሪያ ከሚነፉት አንዱ ሆነ።

እና እነዚህን ሁለት ሰዎች አሳምሮ የሚያውቅ ሰውም ያ ሳጥን ላይ ይቆማል። ሪኬትስ ወይስ ሪከትስ? ታይኬ ወይስ ታይከ? ወይስ ታይክ? አንዱ ስም ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም፣ ሁለቱም ከውጭ መጥተዋልና። ፈቺው መልሱን እያወቀ ሳጥኑ ባዶ ይቀርበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኬ ላይ ኬላ የሚለውን አማርኛ ወደ ታች አውርዱት። «መንገደኛ ቆሞ የሚፈተሽበት ቦታ» ካላችሁ ማንም ያገኘዋል፣ ሪኬትስም ይቃናል። ታይኬን ደግሞ ሌላ ጥግ ላይ ስጡት። ከእያንዳንዱ የውጭ ስም ቢያንስ አጠራጣሪው ሳጥን በጥርት ያለ አማርኛ ይቋረጥ። ጥያቄዬ ይህን ያህል ነው። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ተደርገው እንደሚቆጠሩም ከሠንጠረዡ በላይ በአንድ መስመር ብትገልጹ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ስም ለስም ሲቆለፍ ፈቺው የሚፈልገው መዝገብ ይሆናል እንጂ ሙዚቃ አይሆንም። «የማርሽ ንጉሥ የሚባለው አሜሪካዊ፣ ሁለት ሳጥን።» ሱዛ። እሺ፣ ተሞላ። ከዚያስ? ጆን ፊሊፕ ሱዛ ከ1880 እስከ 1892 የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮችን ባንድ መራ፣ ከዚያ የራሱን ባንድ አቋቋመ፣ ከ130 በላይ ማርሽ ጻፈ። ይህን የሚያህል ሰው በሁለት ሳጥን ብቻ ታልፎ ሲሄድ ያሳዝነኛል። ስሙን ተዉት አልልም። ከስሙ ጎን ጆሮውን የሚያነቃ ፍንጭ ጨምሩ ነው የምለው።

ለምሳሌ ትሪዮ። ሦስት ሳጥን ናት። እናንተ «የማርሽ ሦስተኛ ክፍል» ብላችሁ አለፋችኋት። ትሪዮ ግን የማርሽ ልብ ናት። የተለመደውን ማርሽ ልብ ብላችሁ ስሙት። መጀመሪያ አጭር መግቢያ አለ፣ አራት ወይ ስምንት ባር (ባር ማለት ሙዚቃው በእኩል ምት የሚከፋፈልበት አንዱ ክፍል ነው)። ይሄ «ተዘጋጅ» ማለት ነው። ቀጥሎ አሥራ ስድስት ባር ያለው የመጀመሪያው ዜማ ይመጣል፣ ይደገማል። ሁለተኛው ዜማ ይከተላል፣ እሱም ይደገማል። እስካሁን ሁሉም በጉልበት ነው። ከዚያ በድንገት ነገሩ ጋብ ይላል። ቅኝቱ ይቀየራል፣ ኖታው ላይ አንድ ፍላት (ድምፅን ግማሽ እርከን ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) ይጨመራል። ናሶቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ ከበሮው ይለሰልሳል፣ ረጅም የሚዘፈን ዜማ ይገባል። ይቺ ናት ትሪዮ። ሰው ከማርሽ ውስጥ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ከትሪዮ የመጣ ነው።

ከትሪዮ በኋላ ደግሞ ጠብ የሚመስል ክፍል አለ። ትሮምቦኑ ከታች ይጮኻል፣ ክላርኔቱ ከላይ ይመልስለታል፣ ሲምባል መሃል ይገባል። ባንደኞቹ እንግሊዞችና አሜሪካኖች የውሻ ጠብ ይሉታል። ከጠቡ በኋላ ያቺው ረጋ ያለች ዜማ ትመለሳለች፣ አሁን ግን በሙሉ ጉልበት። ጠቡ ባይኖር ያ መመለስ ይህን ያህል አያስደስትም። ታዲያ «ማርሹ ጋብ ብሎ ቅኝት የሚቀይርባት ክፍል» የሚለው ፍንጭ አይሻልም? ያላወቀ ሰው ቀጥሎ ማርሽ ሲሰማ ራሱ ያገኛታል።

ስለ ትሪዮ ካነሳን «ዘ ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ፎሬቨር» የሚለውን የሱዛ ማርሽ ማለፍ አይቻልም። ሱዛ በ1896 መጨረሻ አውሮፓ ሳለ የባንዱ ሥራ አስኪያጅ መሞቱን ሰማ። በመርከብ ሲመለስ መርከቡ ላይ እየተመላለሰ ሙዚቃው በጭንቅላቱ ተቀረጸ። ወረቀት ላይ የሰፈረው ከወረደ በኋላ ነው። በ1987 የአሜሪካ ብሔራዊ ማርሽ ተብሎ በሕግ ታወጀ። ይሄን ሁሉ ጠይቃችኋል፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን በዚያ ማርሽ ውስጥ የተቀመጥኩበትን ቦታ ልንገራችሁ።

ትሪዮው መጀመሪያ ሲመጣ ለስለስ ብሎ ነው፣ ክላርኔቶቹ ይዘፍኑታል። ከጠቡ በኋላ ሲመለስ ፒኮሎዋ ከሁሉም በላይ ትነሣለች። ፒኮሎ ታናሽ ዋሽንት ናት፤ ከባንዱ መሣሪያ ሁሉ ትንሿ ናት፣ ሁሉም ግን ይሰማታል። በብዙ ባንድ ፒኮሎ ነፊዎቹ ተነሥተው ወደ መድረኩ ፊት ይመጣሉ። ሰዉ ዓይኑን ከእነሱ አይነቅልም። ከዚያ ጠቡ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻው መመለስ ላይ ትልልቆቹ ናሶች ይገባሉ። ፒኮሎዋ ከላይ፣ ዋናው ዜማ መሃል፣ የኛ ዜማ ከሥር። ሦስት የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ ይሄዳል፣ አንዱም አንዱን አይረግጥም። ባሪቶኑን ይዤ እዚያ መሃል ስገባ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ የነበረውን ነገር ዛሬም ማርሹ ሲመጣ አገኘዋለሁ። «በትሪዮው ላይ ከሁሉ በላይ የምትበር፤ ሦስት ሳጥን» በሉ። ሎ ላይ ሎሚን አውርዱ፣ ኮ ላይ ኮከብን። ፒ ላይ ግን አማርኛው አያግዝም፣ ሳጥኑ ሳይቋረጥ ቢቀር ይሻላል።

አንድ ፍንጫችሁን ላርም። «ሱዛ የሠራው ትልቅ የናስ መሣሪያ» ብላችሁ መልሱ ሱዛፎን ነበር። ሐሳቡ የሱዛ ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ግን ጄ. ደብሊው. ፔፐር የተባለው የመሣሪያ አምራች ነው፣ በ1893። የዚያን ጊዜው ሱዛፎን አፉ ወደ ሰማይ ነበር፣ ዝናብ መያዣ እስከመባል ደርሷል። ወደ ፊት የሚያይ አፍ በኋላ የመጣ ነው። ሱዛ የፈለገውም ለመድረክ ኮንሰርት የሚሆን፣ ድምፁ በባንዱ ላይ የሚንሳፈፍ መሣሪያ ነው። የራሱ ባንድ ሰልፍ ላይ የወጣው ከስንት አንዴ ነው፣ ሥራው ቁጭ ብሎ ኮንሰርት ማሳየት ነበር። ይሄ ራሱ ጥሩ ፍንጭ ይወጣዋል፦ «ለመድረክ ታስቦ ተሠርቶ ሰልፍ ላይ የቀረ»።

በጣም የገረመኝ አንድ ማርሽ መቅረቱ ነው፣ እሱም የጋዜጣ ማርሽ ነው! በ1889 «ዋሽንግተን ፖስት» ጋዜጣ ለተማሪዎች የድርሰት ውድድር አዘጋጀ። ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ማርሽ እንዲጽፍለት ሱዛን ጠየቀው። ሱዛ ጻፈ፣ ማርሹም በጋዜጣው ስም ተጠራ። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው (በአንድ ባር ስድስት አጫጭር ምት፣ ሦስት ሦስት ሆነው)፣ እግር ሲረግጥ ዝላይ ዝላይ ይለዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ከሰልፍ አውጥቶ ዳንስ አደረገው፣ ቱ ስቴፕ የሚባለው ዳንስ በዓለም የተስፋፋው ከእሱ ጋር ነው። አንድ የድርሰት ውድድር ከመቶ ዓመት በላይ የሚነፋ ሙዚቃ ትቶ አለፈ። ለጋዜጣ ገጽ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ ከየት ይመጣል?

ፉቺክን ማስገባታችሁ ጥሩ ነው። ቼኩ የጦር ባንድ መሪ በ1897 «የግላዲያተሮች መግቢያ» ብሎ ትልቅ ግርማ ያለው ማርሽ ጻፈ። በ1901 አንድ የካናዳ ሰው ለአነስተኛ ባንድ አዘጋጀው፣ ሰርከሶች አፍጥነው ተጫወቱት፣ ዛሬ ክላውን ሲገባ የሚሰማው እሱ ነው። «ለግላዲያተር ተጽፎ ክላውን የወሰደው» ብትሉ ልጄ በአንዴ ታገኘዋለች። ዓመቱን ብትጠይቁ ግን ስልክ መክፈት ግድ ይሆናል።

አማርኛችን ራሱ የሚሰጣቸውን ፍንጮችም አትተዉ። ማርሽን «የሰልፍ ሙዚቃ» ከምትሉት «ሾፌር ይቀይረዋል፣ ባንድ ይጫወተዋል» በሉት። ቱባን «የክር ጥቅልም ነው፣ የባንዱ ወፍራም ድምፅም ነው»። እነዚህ ሁለቱ በአማርኛ ያምራሉ። እንቆቅልሽ ያደገበት ሕዝብ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ማለት ይወዳል። አስቡበት።

እና አርባ ልጆች! የማርሽ ሠንጠረዥ በአማርኛ ተሠርቶ እነሱ የሌሉበት ለምንድን ነው? ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ የናስ ባንድ አቋቁመው የሚጫወቱ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ሰሙ። በአርመኖች ላይ ከተፈጸመው ዘር ማጥፋት የተረፉ ነበሩ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። «ከኢየሩሳሌም መጥተው ናስ የነፉ፤ በቁጥራቸው የተጠሩ፤ ስድስት ሳጥን።» አጻጻፉ ላይ ማንም አይጨቃጨቅም፣ አቋራጭ ቃልም እንደልብ ይገኝለታል። ናልባንዲያን ደግሞ ሰባት ሳጥን ነው፣ መሃል ላይ ለሠንጠረዡ ምሰሶ ይሆናል።

«ሙዚቃውን ሰምቶ የማያውቀው አንባቢስ?» ትሉ ይሆናል። ልጄን እንደ መልስ ቁጠሯት። ሠንጠረዡን ከሞላን በኋላ ማርሾቹን አንድ በአንድ በስልኳ ከፈተች። በሁለተኛው ማርሽ ላይ እጇን አንሥታ ጠበቀች። «አባዬ፣ አሁን ጋብ ሊል ነው» አለች፣ ጋብም አለ። ፍንጩ ወረቀት ላይ ነው የነበረው፣ ጆሮዋ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ስለዚህ መልሶቹን ስታትሙ ከእያንዳንዱ ማርሽ ጎን አንድ አጭር ምልክት ጻፉ፦ ትሪዮውን ጠብቁ፣ ፒኮሎዋን ስሙ፣ ትልቁ ከበሮ ቀድሞ ሲመታ ልብ በሉ። የጋዜጣውን ቦታ ከጥቂት መስመር በላይ አይወስድም።

የእግር ምት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከፍንጮቻችሁ ውስጥ ስላጣሁት። የተለመደው የሰልፍ ማርሽ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው፣ በየምቱ አንድ እርምጃ። ጠንካራው ምት ለግራ እግር ነው። ስድስት ስምንተኛም ቢሆን እግር የሚረግጠው በባር ሁለቴ ብቻ ነው። «ማርሽ ሲጀመር ቀድሞ የሚነሣው» ብላችሁ መልሱን ግራ ብታደርጉት፣ ሁለት ሳጥን ናት፣ ወታደር የነበረ አንባቢ ሁሉ ፈገግ ብሎ ይሞላታል።

እዚህ የጠቀስኳቸውን ፍንጮች ካስፈለጋችሁ እንደልባችሁ ተጠቀሙባቸው፣ ስሜ እንዲወጣ አልፈልግም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእርሳስ የሠራሁት አንድ ሠንጠረዥ አያይዣለሁ። አርባ ልጆች መሃሉ ላይ ነው፣ ኬላም ቦታዋን ይዛለች። ያልተቃና ሳጥን ካገኛችሁ አስተካክሉት። መልሶቹ በተለየ ወረቀት ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባሪቶን ተጫዋች፣ የዘወትር አንባቢያችሁ